የማትመነዘረው ሃምሳ ብር

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ሃምሳ ብር ነው። ሃምሳ ብር ዛሬ ምን ትገዛለች እንዳትሉኝ። የእኔዋ ሃምሳ ብርማ ጭራሽ ምንም አትገዛም ነበር፤ ወሬውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

መቼም ታስታውሳላችሁ፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ተቀየረ። አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብሮች በአዲስ ተተኩ፤ ሁለት መቶ ብር የምትባል እንግዳ መጣች፤ አሮጌውን ለመለወጥ የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ባንክ ተሰልፌ ያለችኝን ለወጥኩ። ያለችኝ ስል ያወቅኋትን ማለቴ ነው። ጊዜው ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ሳራግፍ፣ ከአሮጌው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አንዲት ሃምሳ ብር ዱብ አለች። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለገጽ ምልክት ያስቀመጥኳት ናት። ጠርዟ ላይ በእርሳስ «112» ብዬ ጽፌባታለሁ። የመምህርነት ልማድ ነው፤ እጄ የገባ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ካልጫርኩበት አይሆንልኝም።

ባንክ እንዳልወስዳት ቀኑ አልፏል። ለባለሱቅ እንዳልሰጣት ይስቅብኛል። ልቅደዳት ብል አሳሳችኝ። እሑድ ጠዋት ወደ ቁስቋም ስወጣ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲተራመስ፣ አጥፌ አጥፌ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ሰደድኳት። ከጎኔ የቆመ አንድ ሰው ሃምሳ ብር ስጥል አየኝ። አልዋሻችሁም፣ ማየቱ ደስ ብሎኛል።

ቁስቋምን ለማታውቋት፦ ከስድስት ኪሎ ተነስታችሁ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትሉ፣ በእንጦጦ ግርጌ የምትገኝ የጉለሌ ሰፈር ናት። ሰፈሯ ስሟን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት ከግብጹ ደብረ ቁስቋም። የጽጌ ጾም አልቆ ኅዳር 6 በዓሏ ሲከበር ሰፈሩ መቆሚያ ያጣል። እዚህ ሸማኔ አለ፣ የሀበሻ ልብስ ነጋዴ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ እንደ እኔ የመጽሐፍ አቧራ የሚያራግፍም አለ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው እያወረዱ ልጆች ያሳደጉ እናቶችም አሉ። ጎረቤቴ ከነሱ አንዷ ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት ያስረክባሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ተጎራብተናል። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል፤ ቢሉኝም ግን «አንተ» እያሉ ነው። መምህርነቴ እሳቸው ዘንድ ያን ያህል ርቀት አያስኬድም።

እማማ የሰበካ ጉባኤ መዋጯቸውን በየወሩ ነው የሚከፍሉት። ካርዳቸው ላይ የተዘለለ ወር የለም። የእኔ ካርድ አራት ዓመት ሙሉ ባዶዋን ነበረች። ብዙዎቻችን ዘንድ ይህቺ ካርድ የምትታወሰው ሰው የሞተ ለታ ነው። ሬሳ ተጋድሞ፣ ለቅሶ ቆሞ፣ አንድ ዘመድ የሟቹን ውዝፍ ሊከፍል ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሲሮጥ ያላየ ማን አለ? በሕይወት ሳለን የማንፈልገው አባልነት፣ መቃብር ሲያስፈልገን እንደ ቪዛ ይፈለጋል።

ታዲያ የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ እማማ በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ ተነስ። ሙዳየ ምጽዋት ሊቆጠር ነው፤ ሰው አንሷል። አንተ እንደሁ ቅዳሜ ሥራ የለህም።»

«እማማ፣ እኔኮ መዋጮዬን...»

«ብር መቁጠር ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?»

አውቃለሁ አልኩ። ተከትያቸው ሄድኩ።

የምጽዋት ገንዘብ ሲቆጠር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የባንኩን ቆጠራ ማለቴ አይደለም። ሣጥኑ በምስክር ፊት ተከፍቶ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚደርሳችሁ ሽታው ነው። ዘመኑ የኮሮና ስለነበረ ሁላችንም ማስክ አድርገናል፤ ሽታው ግን ማስኩንም አልፎ ይመጣል። የጧፍ፣ የዕጣን፣ የላብ፣ የመቀነት ሽታ። ሳንቲሙ እንደ ጠጠር ይፈሳል። በነጠላ ጫፍ ተቋጥራ ከርማ ስምንት ቦታ የታጠፈች አምስት ብር አለች፤ እሷን መዘርጋት ከመቁጠሩ ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ከአንዷ ብር ጋር «ልጄን ማሪልኝ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ወጣ። ማንም ጮክ ብሎ አላነበበውም። ከእጅ እጅ ዞሮ ቄሱ ጋ ደረሰ፤ ቄሱም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ጠረጴዛውን ከበን የተቀመጥነው ቄሱ፣ አንድ ዲያቆን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት ወጣቶች፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እማማና እኔ ነን። አንዱ ይዘረጋል፣ ሌላው በዓይነቱ ይለያል፣ አንዱ ቆጥሮ ያስራል፣ ሌላው ፈትቶ ደግሞ ይቆጥራል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ በመጨረሻ ሁላችንም እንፈርማለን። በጠረጴዛው ጫፍ አንደኛው ወጣት የካርቶን ክዳን አስቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የማይሠሩት ናቸው» አለኝ።

ግማሹ የተቀደደ ብር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የማላውቀው አገር ሳንቲም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜው ካለፈ በኋላ የተጣለ አሮጌ ብር። አሥር አለ፣ ሃምሳ አለ፣ መቶ አለ። ክዳኑ ሞልቷል። እማማ አንዱን አንስተው አገላበጡትና፣

«ይህን የጣለ ሰው፣ እግዜር ገበያ አይወጣም ብሎ ነው» አሉ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ዐይኔ ክዳኑ ላይ ነበር፤ ከላይ ከተደረደሩት በሦስተኛዋ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «112» ተጽፏል። ማስክ ለኮሮና ብቻ ሳይሆን ለሐፍረትም እንደሚጠቅም ያን ቀን አወቅሁ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የአሮጌው ሃምሳ ብር ጀርባ ላይ የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ነበረበት፤ ያ ግንብ ከዐይኔ አልጠፋ አለ። ጎንደርም ቁስቋም አላት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም። እቴጌዪቱ ደብሩን ብቻ አልነበረም ያቆሙት፤ ካህናቱ የሚኖሩበትን ጉልትም ሰጡ። ገበሬው ያርሳል፣ ግብሩን ያገባል፣ ደብሩም በዚያ ይቀደስበታል። የጥንቱ አባባል «ሲሶ ለቀዳሽ» የሚለው ይህንኑ ነው። ጧፉንም፣ ዕጣኑንም፣ የቀዳሹንም ድርጎ የሚያወጣው መሬቱ ነው። ምእመኑ ቢሰጥ ለነፍሱ ይሰጣል፤ ባይሰጥም ደብሩ አይዘጋም። ግብር ያገባው ገበሬም ቢሆን «የከፈልኩት ምን ላይ ዋለ?» ብሎ የሚጠይቅበት ሸንጎ አልነበረውም። መስጠትና መጠየቅ የተለያዩ ሰዎች ሥራ ነበሩ።

ያ ሥርዓት በአንድ ዓመት ውስጥ አበቃ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ተወረሰ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመናት የኖረችበት ሀብት ከእጇ ወጣ።

የሚገርመው፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን «ቃለ ዓዋዲ» የሚባለው ደንብ ወጥቶ ነበር። የዛሬው የሰበካ ጉባኤ መሠረቱ ይኸው ደንብ ነው። ደብሩን ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተወካዮቻቸው አማካይነት አብረው ያስተዳድሩ፤ ምእመኑ ተመዝግቦ መዋጮውን ይክፈል፣ ይምረጥ፣ ይመረጥ ይላል። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ወርደው ታሠሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ደንባቸው ግን መሬት ላጣችው ቤተ ክርስቲያን መቆሚያ ሆነ።

ቃለ ዓዋዲ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መዋጮው ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ቀዝቀዝ ብዬ ሳስበው ግን ደንቡ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው የጠየቀን፤ «ስጡ» አለን፣ «ተቀምጣችሁም ቁጠሩ» አለን። እኛ የመጀመሪያዋን በግማሽ ልብ ተቀበልን፤ ሁለተኛዋን ለእማማ ተውናት።

ነገሩ ሒሳብ ስለማንወድ አይደለም። እድራችንን ተመልከቱ። የእድር ጸሐፊ የአንድ ድንኳን ካስማ ጎድሎ ቢገኝ ሰፈሩ ምን ይሆናል? አሥር ብር ከየት እንደጎደለች ለማወቅ እስኪመሽ እንጨቃጨቃለን። እድር ላይ ጊዜው ያለፈበት ብር የሚከፍል ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ጸሐፊው ብርሃን ላይ አንስቶ አይቶ ይመልስለታላ! እኚሁ ሰዎች፣ እኚሁ ዐይኖች፣ ቅዳሜ ለእድራቸው ኦዲተር ሆነው ይውሉና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ለእግዚአብሔር የተሰጠን ገንዘብ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለውን የወንጌል ምክር እንጠቅሳለን። ምክሩ የተነገረው ግን ለሰጪው ነው፣ እንዳይኩራራ። ለመዝገብ ያዡ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ችግረኞች ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ፣ በገንዘቡ ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አድርጓል። ሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። ሐዋርያው ምስክር ከፈለገ፣ የእኛ ደብር ገንዘብ ያዥ ምስክር ቢያስፈልገው ምን ነውር አለው?

አብሮኝ ያስተምር ለነበረ የካቶሊክ እምነት ተከታይ ወዳጄ ይህንን ሳጫውተው ሳቀ። «የእናንተ መሬት እኛ ዘንድ ሚሲዮን ነው» አለኝ። አልገባኝም። «ስናድግ ትምህርት ቤቱንም፣ ክሊኒኩንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራም የሚሠራው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ገንዘብ ነበር። እኛ መባ ሲዞር ስሙኒ እንጥላለን። ቤቱ የእኛ መሆኑን ያወቅነው ለጋሾቹ ሲደክማቸው ነው። ጣራው ሲያፈስ ቆሞሱን ‹ምን ልታደርጉ ነው?› ብለን ጠየቅናቸው። ‹እናንተስ?› አሉን። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ቁምስናችን ቁምስና የሆነው።» አሁን በየወሩ የገባውና የወጣው ተጽፎ በር ላይ እንደሚለጠፍ ነገረኝ። ሕጋቸውም ይህንኑ ይላል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና መጽሐፍ፣ ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸውን በሚያስፈልጋት የመርዳት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ እዚያው ላይም በየቁምስናው ስለ ገንዘብና ንብረት ጉዳይ የሚመክር ጉባኤ እንዲኖር ያዛል። መስጠቱና መምከሩ በአንድ መጽሐፍ፣ እንደ ቃለ ዓዋዲው።

አንዱ በመሬት ተደግፎ፣ ሌላው በሚሲዮን ተደግፎ፣ ሁለታችንም በገዛ ቤታችን እንግዶች ሆነን ኖረናል። እንግዳ ደግሞ የቤቱን ወጪ አይጠይቅም። ቢያመጣም ያቺኑ የእጅ መንሻውን ነው።

«ገንዘቡ እኮ ይበላል» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለአራት ዓመት መዋጮዬን ያልከፈልኩበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ ቡና ላይ ስቀመጥ ደጋግሜ ያልኩት ነው። ስለ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ በየጋዜጣው የተጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። የጠየቀ ሰው «በጥባጭ» የሚባልበት ቦታ እንዳለም አውቃለሁ። ነገር ግን ብቻውን የጠየቀ ነው በጥባጭ የሚባለው፤ ሃምሳ ሰው አብሮ ከጠየቀ ጉባኤ ይባላል። ገንዘቡ ይበላል እያልኩ ያልሄድኩበት እያንዳንዱ ስብሰባ፣ ለሚበላው ሰው አንድ ወንበር እንደለቀቅሁለት አልታየኝም ነበር። ደግሞስ የተጎዳው ማን ነው? በእኔ አራት ዓመት ኩርፊያ አንድም ሌባ አልከሰረም። የከሰሩት የደብሩ ዘበኛ፣ ሌሊት ማኅሌት የሚቆመው መሪጌታና እንደ ሌላው ሁሉ መጥቶ የሚቆለለው የመብራትና የውኃ ሒሳብ ናቸው። ከከተማ አጥቢያ ከሚሰበሰበው ላይም በመቶኛ ተሰልቶ ወደ ሀገረ ስብከትና ወደ ላይ ይሄዳል። በየገጠሩ ዕጣንና ጧፍ አጥተው፣ ቀዳሽ ተሰዶባቸው የሚዘጉ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ እየሰማን ነው። የእኛ ሣጥን ከሰፈራችን ራቅ ብሎም የሚጠብቀው አለ።

ያቺ ብር የወጣችበትን ልቦለድ ስንት ዓመት አስተማርኩት! የበዛብህ እናት ውድነሽ ልጇ ከሞት ቢተርፍላት ሚስት ሳያገባ ለእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን ትሳላለች። ተማሪዎቼን «ውድነሽ የሰጠችው የማንን ነው?» እያልኩ አፋጥጣቸው ነበር። የራሷን ሳይሆን የልጇን ዕድሜ ነው የሰጠችው ብለው ይከራከሩ ነበር፤ እኔም ጺሜን እያሻሸሁ አዳምጥ ነበር። ውድነሽ ቢያንስ የሰጠችው የምትሳሳለትን ነው። እኔ የሰጠሁት ሱቅ ያልተቀበለኝን። በወንጌሉ ጌታ በሣጥኑ አንጻር ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥል ያይ ነበር፤ ሁለት ሳንቲሟን የጣለችውን መበለት ያወቃት ተቀምጦ ስላየ ነው። እኔ ለሠላሳ ዓመት ያነበብኩት ሁለቱን ሳንቲሞች ብቻ ነበር። መቀመጡን አላነበብኩትም።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ወደ ቅዳሴ ሳልወጣ እማማ ቤት ሄድኩ። ጓሯቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ማሰሻ እያሹ ነበር።

«እማማ፣ ያቺ ሃምሳ ብር የእኔ ናት።»

«የቷ?»

«የማትሠራዋ። ክዳኑ ላይ የነበረችው።»

ምጣዱን ከደኑ። ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ።

«መዋጮ ከከፈልክ ስንት ጊዜህ?» አሉኝ።

«አራት ዓመት።»

«እሱን ክፈል። የብሯን ነገር ተወው፤ ክዳኑ ሙሉ እኮ ነው፣ ያን ሁሉ አንተ አልጣልከውም። ትናንት የቆጠርነው ድምሩ ስንት ነበር?»

ነገርኳቸው።

«በል እሱን በልብህ ያዘው። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል። ልክ መሆኑን ታያለህ። እኔ ፊደል የለኝም፣ እስከዛሬ የያዝኩት በጆሮዬ ነው።»

የገንዘብ ማስታወቂያ ሊነበብ ሲል ነጠላዬን አስተካክዬ በሩን ማየት ነበር ልማዴ። ያን እሑድ አንገቴን አስግጌ ሰማሁ። ቁጥሩ ሲነበብ እማማ ከሴቶች ረድፍ ዘወር ብለው አዩኝ። ልክ ነበር። እስከ ሳንቲሙ ልክ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከዚያ በፊት ስንት ሺሕ ብር ሲነበብ ሰምቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ውዝፌን ከፈልኩ። ቆጠራም አላቆምኩም፤ መነጽሬን ይዤ እሄዳለሁ። ምርጫ ሲደርስ ከምእመናን ወገን ስሜ ተጠራ። «ጊዜ የለኝም» ልል አፌን ስከፍት እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አፌን ገጠምኩ።

ያቺን ሃምሳ ብር ወጣቱ «ለማስታወሻ ይውሰዷት» ብሎ ሰጠኝ። ወደ ገጿ መልሻታለሁ። የካርቶን ክዳኑ ግን ዛሬም ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ብሩ ከተቀየረ ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ባለፈው ቆጠራ አንዲት አሮጌ አሥር ብር ደግሞ ወጣች፣ ተተኩሳ የወጣች ይመስል አንድም እጥፋት የላትም። ማን እንደጣላት አላወቅንም። ባውቀው ኖሮ አልቆጣውም፤ ለመጪው ቅዳሜ ቆጠራ እጠራው ነበር።